ሮምን ማስታመም

የስልት ጌም የለመደ ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። በአንዲት መንደርና በጥቂት ጦረኛ ትጀምራለህ፤ እርሻ ታስፋፋለህ፣ ቅጥር ታጥራለህ፣ የጎረቤትህን ከተማ ትነጥቃለህ፤ ሌሊቱ ሲጋመስ የዓለም እኩሌታ እጅህ ይገባና በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ስታዛጋ ትውላለህ። «ቶታል ዋር፦ አቲላ» ግን ነገሩን ገልብጦታል። ምዕራብ ሮምን ከመረጥክ ሁሉንም በመጀመሪያው ደቂቃ ያስረክብሃል፤ ብሪታንያን፣ ጎልን፣ ስፔንን፣ ጣሊያንን፣ የሰሜን አፍሪካን የስንዴ አገር ሳይቀር። ከዚያ በኋላ የሚቀርህ ሥራ የትኛውን መቼ እንደምታጣ መወሰን ነው።

ጌሙን የእንግሊዙ ክሪኤቲቭ አሴምብሊ በ2015 አወጣው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) አዘጋጆቹ ሐቀኞች ናቸው፤ ገና ምዕራብ ሮምን ስትመርጥ የችግሩ ደረጃ ከሁሉም የከፋው እንደሆነ ጽፈው ያስጠነቅቁሃል። ወጣቶቹ ይህን ሲያዩ ወደ ሁኖች ይሄዳሉ። ሁን መሆን ግልግል ነው፤ የሚጠበቅ ከተማ የለህም፣ የሚጠገን ድልድይ የለህም፣ ያገኘኸውን አቃጥለህ ወደሚቀጥለው ትጋልባለህ። እኔ ግን ከአንድ ደመወዝ ላይ የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ ዕድርና የሰርግ መዋጮ የማብቃቃ ሰው ነኝና ሮምን ገና ሳያት ለእኔ እንደተሠራች ገባኝ።

ዘመቻው የሚከፈተው በ395 ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር ቴዎዶስዮስ ቀዳማዊ ሚላኖ ላይ ሞተና ግዛቱ ለሁለት ልጆቹ ተከፈለ። ምሥራቁ ሃያ ዓመት ላልሞላው ለአርቃድዮስ፣ ምዕራቡ ለአሥር ዓመቱ ለሆኖሪየስ ደረሰ። አሥር ዓመት! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ዳቦ ግዛ ተብዬ ስላክ መልሱን ቆጥሬ ማምጣት አይሆንልኝም ነበር።

እያንዳንዱ ተራ አንድ ወቅት ነው። በዓመት አራት ጊዜ ተራህን መጨረስህን የሚያሳውቀውን ቁልፍ ትጫናለህ፤ በተጫንክ ቁጥር የመርዶ ዝርዝር ይመጣልሃል። በአንዱ አውራጃ ሕዝብ አመፀ። በሌላው እህል አለቀ። አንድ የማታውቀው ነገድ፣ ስሙን አንብበህ ሳትጨርስ፣ ጦርነት አወጀብህ። ከመኳንንትህ የአንዱ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ቢያንስ ይኼኛው የምሥራች ነው ብለህ ልትደሰት ስትል ሕፃኑ አድጎ ለዙፋንህ የሚበቃ ዘር እንዳለው ትዝ ይልሃል። ይህ እንግዲህ መግዛት ሳይሆን ማስታመም ነው። በሽተኛው በደኅና ዘመኑ ያላስጨነቀው ሰው የለም፤ አሁን ግን እግሩን ስታሽለት ጀርባውን ያመዋል፣ ጀርባውን ስትለው ሆዱን ይነፋዋል፤ ጠያቂው ሁሉ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ «እግዜር ይማርህ» እያለ ውርሱን ያሰላል።

ስለዚህ አስቀድሜ የምለቀው ብሪታንያን ነው። ሩቅ ናት፤ ገቢዋ ትንሽ ነው፤ ከሰሜን ፒክቶች፣ ከባሕሩ ሳክሶኖች አያስተኟትም፤ እዚያ የተቀመጠው ጦር ደግሞ ለጎል ያስፈልጋል። ጌሙ ላይ ከተማ ስትለቅ ዝም ብለህ በሩን ዘግተህ አትወጣም፤ የሚመጣው እንግዳ ምንም እንዳያገኝ አመድ አድርገሃት መሄድ ትችላለህ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር።

«ጋሼ፣ ለንደንን አቃጠልካት እንዴ?»

«አላቃጠልኳትም። ለቀቅኳት።»

«ጭሱ ታዲያ ምንድን ነው?»

«የአስተዳደር ውሳኔ ነው» አልኩት።

በእውነተኛው ታሪክ ነገሩ እንዲህ ታስቦበት አልሆነም። በ406 የመጨረሻ ዕለት ቫንዳሎች፣ አላኖችና ስዌቦች ራይንን ተሻግረው ጎል ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት በብሪታንያ የነበረው ጦር ከመካከሉ ቆስጠንጢኖስ የሚባል ወታደር አንሥቶ አነገሠ፤ እሱም ጦሩን ይዞ ወደ ጎል ተሻገረ። ደሴቲቱ ጠባቂ አልባ ቀረች። እኔ ቢያንስ ጭሱን አይቼ፣ ወጪና ገቢውን አስልቼ ነው የወጣሁት። ያጠራቀምኩትን ጦር ይዤ የማልለቀው አንድ ቦታ ቢኖር ካርቴጅ ነው። ሮም ከተማ እንጀራዋን የምትበላው ከሰሜን አፍሪካ ነበር። ቫንዳሎች በንጉሣቸው በጋይሰሪክ መሪነት በ439 ካርቴጅን ሲይዙ ስንዴውም ግብሩም ባንድ ጊዜ ቀረ። በ444 የምዕራቡ ንጉሠ ነገሥት የቫለንቲንያን ሣልሳዊ መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ ገቢው አዲስ ምልምል ይቅርና ነባሩን ጦር እንኳ ለማብላትና ለማልበስ እንደማይበቃ በይፋ ጻፈ። መንግሥት «ባዶ እጄን ነኝ» ብሎ በሕግ ሲጽፍ ማየት ብርቅ ነው፤ ብዙዎቹ ይህን የሚናገሩት ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ነው።

ከጦርነቱ ሁሉ ይልቅ ጊዜዬን የሚበላው ግን ፍሳሽ ነው። ቀልዴን አይደለም። በዚህ ጌም ከተማ ባደገ ቁጥር ቆሻሻ ያጠራቅማል። የጽዳቱ ቁጥር ከቆሻሻው ካነሰ በሽታ ይገባል፤ በሽታው ደግሞ ባለበት አይቆምም፣ ከሠራዊትህ ጋር ይዘምታል፣ ከነጋዴህ ጋር ባሕር ይሻገራል። ሕዝቡ ሲታመም ግብሩ ይቀንሳል፣ ግብሩ ሲቀንስ ለጦሩ የምትከፍለው ታጣለህ፣ ጦሩን ስትበትን ያ ስሙን አንብበህ ያልጨረስከው ነገድ ደጅህ ይደርሳል። ስለዚህ የዓለምን ታላቅ መንግሥት ከጥፋት እታደጋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ሌሊቱን የሚያነጋው ሰይፍ ሲመዝ አይደለም፤ በየከተማው ውሃ ሲያስገባ፣ መታጠቢያ ቤት ሲያሳድግና የቆሻሻ መውረጃ ሲቆጥር ነው።

አንድ ምሽት ሳይታወቀኝ «እሰይ!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ድል አደረጋችሁ?»

«አይ እማዬ፣ የሚላኖ መታጠቢያ ቤት ተጠናቀቀ።»

«እሱማ ከድል ይበልጣል» አለችኝ። «የእኛን ሰፈር ቦይ መቼ ይደርሱታል?»

ይህም አልበቃ ብሎ አየሩ ይቀዘቅዛል። ዘመን በገፋ ቁጥር በረዶው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ የመሬቱ ለምነት ይቀንሳል፤ የተራበው ነገድ ሚስቱንና ልጁን በጋሪ ጭኖ ወደ አንተ ይመጣል። ከኋላው ሁኖች አሉ፤ ከፊቱ አንተ አለህ። ጌሙ «ወራሪ» እያለ በቀይ የሚያሳይህ አብዛኛው ሰው ሸሽቶ የመጣ ነው። የ376ቱ ነገር ትዝ የሚለኝ ይኼኔ ነው። ጎቶች ሁኖችን ሸሽተው፣ ፈቃድ ጠይቀው ዳኑብን ሲሻገሩ የተቀበሏቸው የሮም ሹማምንት ስንቁን አንቀው ይዘው የውሻ ሥጋ በልጆቻቸው ለወጧቸው፤ ልጆቹ ባሪያ ሆኑ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ነው የመዘገበው። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚያው ጎቶች አድሪያኖፕል ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ቫሌንስን ከነጦሩ ፈጁት። እዚህ ላይ ጌሙ ለአንድ ሹመኛ ጥፊ የማቅመሻ ቁልፍ ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር።

ከፍሳሹ ቀጥሎ ያለው ችግር ዘመድ ነው።

የቤተሰቡ የዘር ሐረግ በአንድ ገጽ ተዘርግቶልሃል፤ የእያንዳንዱ መኳንንት ዝናና ታማኝነት በቁጥር ተጽፏል። ሕጉ ጨካኝ ነው። አዛዥህ ድል ባደረገ ቁጥር ዝናው ያድጋል፤ ዝናው ባደገ ቁጥር ዓይኑ ወደ ዙፋኑ ያይ ጀመር ማለት ነው። በዚህ ስሌት ተሸናፊ አዛዥ ከአሸናፊው ይሻልሃል። መፍትሔዎቹም እዚያው ተደርድረዋል፦ ዳረው፣ ሹመው፣ እንደ ልጅ አሳድገው፣ አስገድለው። የመጨረሻዋ ቁልፍ ከሌሎቹ እኩል ትልቅ ናት፤ ጣት ቢስትስ?

ስቲሊኮን የማልነካው ለዚህ ነው። የአባቱ ዘር ቫንዳል፣ የራሱ ልብ ሮማዊ የነበረ የጦር አለቃ ነው። የቴዎዶስዮስን የወንድም ልጅ ሴሬናን አገባ፤ ሕፃኑን ሆኖሪየስን በሞግዚትነት ያዘ፤ ልጁን ማሪያን ለሆኖሪየስ ዳረ፤ ማሪያ ስትሞት ሁለተኛዋን ቴርማንቲያን ደገመለት። ሰውየው ለዚያ ቤት ያልሆነው ዝምድና የለም። የጎቶቹን ንጉሥ አላሪክን ከጣሊያን መለሰ፤ በ406 ደግሞ ሌላው የጎት መሪ ራዳጋይሰስ ይዞት የመጣውን ጦር ደመሰሰ። በነሐሴ 408 ሆኖሪየስ የአሽቃባጭ ወሬ ሰምቶ ራቬና ላይ አንገቱን አስቀላው። ከዚያ በየከተማው የነበሩ ሮማውያን ተነሥተው የባዕዳኑን ወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ፈጁ፤ ወታደሮቹ በሺህ እየሆኑ ወደ አላሪክ ገቡ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በነሐሴ 410፣ አላሪክ ሮምን ዘረፈ። እኔ ስቲሊኮ ታማኝነቱ ወደ ዜሮ ቢወርድም እሾመዋለሁ፣ እሸልመዋለሁ፣ ሲያኮርፍ አባብለዋለሁ።

እማዬ ስሞቹን እየሰማች ኖሮ አንድ ቀን ጠየቀችኝ።

«ይኼ ሆኖሪየስ የማን ልጅ ነው?»

«የቴዎዶስዮስ።»

«የቁስጥንጥንያው? የገብረ ክርስቶስ አባት?»

ገድለ ገብረ ክርስቶስን በቃሏ ልትል ምንም ያህል አይቀራት። ታሪክ ጸሐፊዎቹ የማያውቁትን ልጅ ጨምራ የቴዎዶስዮስን ቤት ከእኔ ይልቅ እንደምታውቀው ያን ዕለት ገባኝ። የሆኖሪየስ ወንድም አርቃድዮስ መሆኑን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ያ ዮሐንስ አፈወርቅን በሚስቱ ነገር ያሰደደው? እሱማ ምን ይረባል!» ከዚያ ወዲህ ከምሥራቅ ሮም ጋር የንግድ ስምምነት በፈረምኩ ቁጥር በግልምጫ ታየኛለች። የሁለቱ ልጆች መምህር አባ አርሳንዮስ እንደነበረና ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ግብፅ በረሃ እንደገባ የሚነገረውንም አነሣሁላት። «ልጆቹን አይቶ ነዋ» አለች፣ ሽንኩርቷን ሳታቋርጥ።

ሆኖሪየስን መሳደብ ቀላል ነው፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ የተሰደበ ሰው ነው። ከሞተ መቶ ዓመት አልፎት የጻፈው ፕሮኮፒየስ አንድ ወሬ ትቶለታል፦ ራቬና ሳለ «ሮም ጠፋች» ብለው ሲነግሩት፣ ሮም የሚላት ዶሮ ነበረችውና፣ አሁን ከእጄ በልታ የሄደችው እንዴት ትጠፋለች ብሎ ጮኸ ይባላል፤ የጠፋችው ከተማዋ መሆኗን ሲረዳ ልቡ ተመለሰ። ታሪክ ጸሐፊዎች አያምኑትም። የእህቴ ልጅ ግን አምኖ «ዶሮዋ ተረፈች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከወሬው ይልቅ ሕጎቹ ያስቁኛል፤ እነሱ እውነት ናቸውና። በ390ዎቹ መጨረሻ፣ ድንበሩ በየቦታው እየተቀደደ፣ በሆኖሪየስ ስም የወጣ ሕግ በሮም ከተማ ውስጥ ሱሪ መልበስን ከለከለ። ሱሪ የባዕዳን ልብስ ነበር፤ ለብሶ የተገኘ ንብረቱ ይወረሳል፣ ራሱ ይጋዛል። አባቱ ደግሞ በ381 ከውትድርና ለማምለጥ አውራ ጣቱን የሚቆርጠው በመብዛቱ ሌላ ሕግ አውጥቶ ነበር፦ ጣት የሌለውም ይዘምታል፤ ምልምል የሚያቀርቡ አገሮች ግን ሁለት ጣተ ቆራጣ በአንድ ሙሉ ሰው ሒሳብ ያስረክቡ። ይህን ሕግ የጻፈው ጸሐፊ የእኛን መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሰዎች ያስታውሰኛል፤ ጉድለቱን ማስቀረት ባይችል ሒሳቡ እንዲገጥምለት አድርጓል። ጌሙ ላይም በየአውራጃው አዋጅ የምታውጅበት ቦታ አለ፤ ሱሪን የሚመለከት ግን አላገኘሁበትም፣ ቅር ብሎኛል።

ለጠላት ግብር መክፈል ጀግንነት ባይሆንም ያዋጣል። በ408 አላሪክ ሮምን ከቦ እንዲለቃት የተቀበለውን ሳነብ ወረቀቱን ይዤ ወጥ ቤት ሄድኩ፦ 5,000 ፓውንድ ወርቅ፣ 30,000 ፓውንድ ብር፣ 4,000 የሐር ቀሚስ፣ 3,000 በቀይ የተነከረ ቆዳ፣ 3,000 ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ። የሮም ፓውንድ ቀለል ያለ ስለሆነ በርበሬው በእኛ ሚዛን 10 ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

«አሥር ኩንታል ቁንዶ በርበሬ!» አለች እማዬ። ስለ ወርቁ ምንም አላለችም። «ማነው የሚደግሰው?»

አክሱምን ለምን አትጫወትም የሚለኝ ብዙ ነው። በኋላ ላይ በወጣው «ኢምፓየርስ ኦፍ ሳንድ» በተባለው ጭማሪ አክሱምን፣ ሒምያርንና ታኑኾችን መያዝ ይቻላል፤ ካርታው ጥግ ላይ፣ ከሁኖቹ ርቀህ፣ ባሕርህን ይዘህ። ሞክሬዋለሁ። ሁሉ ነገር ይሳካል፤ ለዚህ ነው የተውኩት። አንድ ነገር ግን ከዚያ ወስጃለሁ። በ356 አካባቢ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስታንቲዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አትናቴዎስ የሾመላችሁን ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ላኩልኝ፣ ሃይማኖቱ ይመርመር አላቸው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን ሰው መሆኑ ነው። እንደ ትውፊታችን ጳጳሳችን እዚሁ አርፏል፤ ደብዳቤው ግን በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ጌሙ ላይ የጻፍኩት የሰላም ጥያቄ ሳይመለስልኝ ሲቀር ቆንስታንቲዮስን አስበውና እጽናናለሁ።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ሁለት ሰው በአንድ ካርታ ላይ ሊጫወትበት ይችላል፤ እኔ ሮምን ያዝኩ፣ እሱ እንደ ልማዱ ሁኖችን። በሳሎኑ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠን ሳናወራ ብዙ አመሸን። አቲላ ተወለደ፤ አደገ፤ ጢም አበቀለ። ጎል ላይ የቻልኩትን ያህል አቆየሁት፤ እንደ 451ዱ የሮም ጦር አዛዥ አኤትየስ ከጎቶች ጋር ሆኜ አንድ ጊዜ መለስኩትም። በሚቀጥለው በጋ ግን አልፕስን አልፎ ሰሜን ጣሊያን ገባ።

«ጋሼ፣ እጅ ብትሰጥ ይሻልሃል» አለኝ፣ ፍሬ ቆሎውን እየቆረጠመ።

«እማዬ፣ አስታርቂን» አልኩ።

«ምን ብዬ?»

«በታሪኩም እንዲሁ ነው የሆነው። በ452 አቲላ ጣሊያን ሲገባ የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ልዮን ወጥቶ ለምኖ መለሰው።»

እጇን ከሊጡ አወጣች። «ልዮን? የኬልቄዶኑ ልዮን?»

ከዚያ ስም መራቅ ነበረብኝ። የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀመጠው ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ451 ነው፤ የልዮንን መልእክት ቤተ ክርስቲያናችን አልተቀበለችም፤ እማዬም በዚህ ጉዳይ ለአቲላ ብላ የምታላላው ነገር የለም። «እሱ ነው ያስታረቀው ብለህ እዚህ ቤት እንዳትደግመው» አለችኝ።

«ታሪክ ጸሐፊዎቹም ሌላ ምክንያት ይጨምራሉ» አልኩ ፈጥኜ። «የሁኖቹ ጦር ጣሊያን ውስጥ ረሃብና በሽታ ገብቶበት ነበር፤ የምሥራቁም ጦር ከዳኑብ ማዶ አገራቸውን እየወጋ ነበር።»

«አየህ!» አለች። «በሽታው ነው የመለሰው።» ጉዳዩን ዘግታ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

የእህቴ ልጅ ፈረሰኞች በዚያ ሰዓት ከሚላኖ አንድ ተራ ያህል ነበር የሚርቁት። የከተማዋን የግንባታ ዝርዝር ከፈትኩት። ካለኝ ገንዘብ የመጨረሻውን የከፈልኩበት የውሃ ማስገቢያና የፍሳሽ መውረጃ ማሳደጊያ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ጽዳቱ ከቆሻሻው ይበልጥልኝና ከተማዋ ከበሽታ ነጻ ትሆንልኛለች፣ ለሚገባባትም ሰው ጭምር። ልጁ ቆሎውን ሊያስሞላ ሲነሣ ሥራውን ሰረዝኩትና ተራዬን ጨረስኩ።